አንድ ግራም የጫልቱ ከሰል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈር ሰው ሥራዬ ምን እንደነበር ሲጠይቀኝ «አቃጥል ነበር» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን እውነቴን ነው። ወጣትነቴም ጉልምስናዬም ያለፈው ነገር በማቃጠል ነው። ገለባ አቃጥያለሁ፣ ፋጉሎ አቃጥያለሁ፣ የድንጋይ ከሰል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ብስኩት፣ አንድ ሰሞን ደግሞ የበግ በጠጥ ሳይቀር። የማቃጥለው ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ቢበዛ አንድ ግራም፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ የሚያዝ። ሥራዬ በዚያች ትንሽ ነገር ውስጥ ምን ያህል ሙቀት እንዳለ መለካት ነበር።

መሣሪያው ካሎሪሜትር ይባላል። ዋናው ክፍሉ ወፍራም የብረት ዕቃ ነው። ናሙናው ተፈጭቶና ደርቆ በትንሽ ጽዋ ውስጡ ይገባል፤ ኦክስጅን ይሞላበታል፤ ክዳኑ ጠብቆ ይዘጋና በተለካ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይሰጥማል። ከዚያ በቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ናሙናው ባንዴ ይነድዳል፣ ሙቀቱ በብረቱ አልፎ ውሃውን ያሞቀዋል፣ እኛ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ እናነባለን። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ጥንቃቄ ነው። የብረቱ ዕቃ በእንግሊዝኛ ስሙ ቦምብ ነው። አንድ ጊዜ ለጥገና በቦርሳ ይዤው በታክሲ ስሄድ ረዳቱ ሊያነሳልኝ ሲል ከበደውና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስሙ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። «ድስት ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ላቦራቶሪም ድስት ሆኖ ቀረ።

እኔ ስወጣ አዲስ መሣሪያ ገብቷል። ውሃውን ራሱ ይሞላል፣ ራሱ ያማስላል፣ ቁጥሩን ራሱ አስልቶ ስክሪን ላይ ያወጣል። ልጆቹ ክዳኑን ይዘጉና ስልካቸውን ያያሉ። አልቀናሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል። እኔ በነሱ ዕድሜ ሳለሁ ዓይኔን ከቴርሞሜትሩ ካነሳሁ ያ ቀን አልቆልኝ ነበር።

ካቃጠልኩት ሁሉ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ጫልቱ የምትባል ሴት ያመጣችውን ከሰል ግን አልረሳውም። በዚያች አንድ ግራም ላይ የተንጠለጠለው የእሷ ጀርባ ነበር። ቁጥሩ ከወጣላት ከሰሏን ሸጣ ትኖራለች፤ ካልወጣላት እንደ ድሮው እንጦጦ ወጥታ እንጨት ትሸከማለች።

ስለ ጫልቱ ከመናገሬ በፊት ግን ስላስተማረኝ ሰው ልናገር፤ ያለ እሱ የሷም ነገር አይገባም።

ሥራ የጀመርኩት የከብት መኖ የሚመረመርበት ቤት ነው። ከትምህርት ቤት በኬሚስትሪ ጥሩ ውጤት ይዤ፣ አፍንጫዬን ነፍቼ ነበር የሄድኩት። የተቀበለኝ ጋሽ ታምራት ነው። ቀጠን ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ጋዎኑ ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አላስነካኝም። «ቁሚና እዪ» ነው ያለኝ። እኔም ቆሜ ስናደድ ሰነበትኩ።

ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየጠዋቱ አንድ ነጭ እንክብል ያቃጥል ነበር። ሙቀቱ በዓለም ሁሉ የታወቀ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ እንክብል ነው። የሱ ቁጥር ልክ ካልመጣ ጋሽ ታምራት የዚያን ቀን የማንንም ናሙና አይነካም። አንድ አለቃ ነበረን፤ ቁጠባ የሚወድ፣ አምፖል ሲበራ የሚያመው ሰው። የታወቀ ነገር በየቀኑ ማቃጠል ብክነት ነው ብሎ ሊያስቆመው መጣ። ጋሽ ታምራት ድምፁን ሳያነሳ «እርስዎ ሥጋ ቤት ሲሄዱ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን አያዩም?» አለው። አለቃው ሳያስበው ሳቀ፤ እንክብሉም ቀጠለ።

ሌላም ልማድ ነበረው። ሊለካ ሲል ትኩስ ነገር አይጠጣም። ሰው ወደ ባልዲው ከተጠጋ በእጁ ገፋ ያደርገዋል፤ የሰው ገላ ምድጃ ነው ይል ነበር። ቴርሞሜትሩን ከማንበቡ በፊት በእርሳሱ ላጲስ ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል፤ ሜርኩሪው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር ነው። ድስቱን ሲከፍት ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ውስጡን ነው። ጥቁር ጥቀርሻ ካየ ነገሩ በደንብ አልነደደምና ቁጥሩን ይሰርዘዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ደክሞኛል፣ መሽቷል፣ አውቶቡስ ያመልጠኛል ማለት የለም።

ከሁሉ የሚያሰለቸኝ ግን ጥያቄው ነበር። ገበሬም ይሁን ነጋዴ መኖ ይዞ ከመጣ ጋሽ ታምራት ወንበር ይሰጠውና ይጠይቀዋል። ማን ነው የሚበላው? ከምን ጋር ትቀላቅሉታላችሁ? እናንተ ቤት የቱ ነው ቶሎ የሚያልቀው? እኔ ናሙናውን ይዤ እቁነጠነጣለሁ። የሱን ጥያቄ ዋጋ ያየሁት በአንድ በግ ምክንያት ነው።

ያ ቤት የእንስሳት ሣጥንም ነበረው። በግ ይገባበታል፣ አየር በቧንቧ ይገባል ይወጣል፣ እኛ በጉ ከተነፈሰው አየርና ከገላው ከሚወጣው ሙቀት ተነስተን ከበላው ስንቱን እንደሚያቃጥል እናሰላለን። እንስሳም ቀስ ብሎ የሚነድድ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ነበልባል የለውም። ታዲያ አንድ ሰሞን ቁጥሩ አልገባ አለን። በጎቹ ተኝተው ማመንዠክ በሚገባቸው ሰዓት የሮጡ ያህል ሙቀት ያወጣሉ። ቧንቧ ያፈስሳል ተባለ፤ መጋጠሚያው ሁሉ በሰም ተደፈነ። ለውጥ የለም። ጋሽ ታምራት ወደ በረቱ ሄዶ ድርቆሽ ላይ ተቀመጠና በጎቹን ሲያይ አረፈደ። ሲመለስ ሣጥኑ መስኮት ላይ የነበረውን ጨርቅ ገፈፈው። ብርሃን እንዳይለዋወጥ ብሎ የሸፈነው ራሱ ነበር። ከዚያ ሌላ በግ አምጥቶ ከመስኮቱ ውጭ አሰረ። ውስጥ ያለው በግ ጓደኛውን አየ፣ ትንሽ አሸተተ፣ ተኛ። ሙቀቱም ወረደ።

«ብቻውን ነው ብለን አላሰብንም» አለኝ። «እኛ በግ እየለካን መስሎን ፍርሃት ስንለካ ነበር የከረምነው።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን አሁንም ይታየኛል። ስህተቱን አገኘሁ ብሎ አልተደሰተም፤ እነዚያ በጎች በጨለማ ብቻቸውን መቆማቸው ነው ያሳዘነው። ሰውየውን መውደድ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ጋሽ ታምራት ጡረታ ወጥቶ ኮተቤ ቤቱ ገባ፤ ብዙም አልቆየ፣ ሞተ። እኔ አንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ይሻል ነበር፣ አቧራው ግን ሳንባ ውስጥ ይጋገራል። የድንጋይ ከሰል ሙቀት ነበር የምለካው። እዚያ የነበረው አለቃዬ ሰላም የሚለኝ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ሰላምታ አይደለም። ሲበቃኝ ለቅቄ የካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ሥር ባለ አንድ የማገዶና የነዳጅ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ገባሁ። ጡረታ እስከወጣሁም እዚያው ነበርኩ።

አለቃዬ ዶክተር ይልማ ይባላል። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ደህና ሰው ነው። ሲመጣ ያገኘው ነገር ጥሩ አልነበረም። ነጋዴው ናሙናውን አስገብቶ በማግሥቱ ለቴክኒሻኑ ይደውላል፣ ሰው ያስደውላል፣ ምሳ ይጋብዛል። ዶክተር ይልማ ይህን ለማስቆም ደንብ አወጣ። ናሙና በመስኮት ይገባል፣ የባለቤቱ ስም ይወገዳል፣ ኮድ ይለጠፍበታል፣ እኛ ጋ ሲደርስ የማን እንደሆነ አናውቅም። ባለቤቱም እኛን አያገኝም። እኔ ደንቡን ወደድኩት። ስልኬ አረፈ፣ እኔም አረፍኩ። ጋሽ ታምራት ቢኖር የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ይቆጨው ነበር።

በዚህ መሃል ነው የጫልቱ ከሰል የመጣው። ያኔ የሷ መሆኑን አላውቅም፤ ኮድ ያለበት ከረጢት ነው። ከሰሉ ክብ ክብ ሆኖ የተሠራ፣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያበራ ነበር። ፈጨሁት፣ አደረቅሁት፣ ጠዋት እንክብሌን አቃጥዬ መሣሪያዬን ካየሁ በኋላ ለካሁት። ዝቅ አለ። ደገምኩት፤ ያው። ሠለስኩት፤ ያው። ድስቱ ውስጥ ጥቀርሻ የለም፤ ጽዋው ላይ ግን አመድ ሞልቷል። ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ሌላውን ናሙና አነሳሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መስኮቱ ጋ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም፤ ግን አልሄድም የሚል ድምፅ ነው። የመስኮቱ ልጅ ደንቡን ያስረዳታል፣ እሷ የለካውን ሰው አሳዩኝ ትላለች። ወጣሁ። ጎንበስ ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ከኔ ጥቂት ዓመት የምታንስ ሴት ነበረች። ጀርባዋ ቆማም እንደ ተሸከመች ነው። ጫልቱ መሆኗን ነገረችኝ። ከእንጦጦ ግርጌ ካሉ ሴቶች ጋር ሆና እንጨት መሸከም ትተው ከሰል ይሠራሉ። የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ እዚያው ከሰፈራቸው ይለቅማሉ፣ በበርሜል አፍነው ያከስላሉ፣ ፈጭተው በጭቃ ይለውሱትና በቅርጽ ይጨምቁታል። ጉርድ ሾላ አጠገብ ለትምህርት ቤቶች የሚያበስል አንድ ትልቅ ማዕድ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሊገዛቸው ተስማምቶ ነበር፤ ሙቀቱ በላቦራቶሪ ተለክቶ ይምጣ ብሎ። አሁን ወረቀቱን አይቶ አልፈልግም ብሏል።

ወረቀቷ ላይ ያለውን ኮድ አየሁና የለካሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሦስት ጊዜ እንደለካሁት ነገርኳት።

«እኔ ቤት ሽሮው የሚፈላው በዚሁ ከሰል ነው» አለችኝ። «የሚፈላው ውሸቱን ነው እንዴ?»

መሣሪያው ልክ መሆኑን፣ ጠዋትም ማታም እንደምናየው ነገርኳት። ቁጥር መለወጥ እንደማልችልም።

«እሺ» አለች። «መሣሪያው ልክ ከሆነ ልክ ያልሆንነው እኛ ነና።»

ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከሥራ ሕይወቴ ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ ቀን የለም። ጥፋት ሠርቼ አልነበረም፤ ቁጥሩም ልክ ነበር። ልክ በሆነ ቁጥር ሰው ሲጎዳ ማየት ግን ከስህተት የባሰ ነው፤ በስህተት ቢሆን ማረም ይቻላል።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተሳልሜ በእግሬ ስወርድ ሸክም የያዙ ሴቶች ከፊቴ ተደርድረው ሲወርዱ አየሁ። ቅጠሉና ጭራሮው ከነሱ ይበልጣል፤ ከኋላ ሲታዩ እግር ያወጣ ቁጥቋጦ ይመስላሉ። አንዷ ሸክሟን የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስደግፋ ስታርፍ ቀና አለችና «የላቦራቶሪዋ!» አለችኝ። ጫልቱ ነበረች። አጠገቧ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት ሴት ቆመዋል፤ እማማ ዲንቄ ይባላሉ። ዓይናቸው ላይ ላብ እየወረደ ፈገግ አሉልኝ። አፈርኩ።

ከሰሉስ ምን ሆነ አልኳት።

«ተውነዋ» አለች ጫልቱ። «ያ ሁሉ ያማረው ከወደቀ የቀረውማ ምን ተስፋ አለው?»

ያማረው የቱ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሳታስበው ነው የነገረችኝ፤ ለሷ ግልጽ ነገር ነው። ለላቦራቶሪ የላኩትን ለብቻው ነበር የሠሩት። ሁልጊዜ የሚሠሩት ይሰነጣጠቃል፣ ጠርዙ ይፈርሳል፣ ቡራቡሬ ነው። መንግሥት ፊት፣ የተማረ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይቀርብም ብለው ተመካከሩ። ጥሩ የሸክላ ጭቃ ከሩቅ አመጡ፣ እንዳይሰነጠቅ ጨመር ጨመር አደረጉበት። እማማ ዲንቄ አንድ በአንድ በእርጥብ እጃቸው አለሰለሱት።

«ሲያበራ አላዩትም?» አለችኝ ጫልቱ። «የሳቸው እጅ ነው።»

እማማ ዲንቄ አንገታቸውን ደፉ። እጃቸው የከሸፈ መስሏቸው ነበር፤ ያን ሁሉ ወር ሴቶቹን ገደል የከተትኩ እኔ ነኝ እያሉ ነበር። ጭቃ አይነድድም። የለካሁት ከሰላቸውን አይደለም፤ ለኛ ያላቸውን አክብሮት ነው። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አስረዳኋቸው፤ ጭቃ በበዛ ቁጥር አመዱ እንደሚበዛ፣ የሚነድደው እንደሚያንስ፣ የተሰነጠቀው ምናልባት ይሻል እንደሆነ። ምናልባት ማለቴን ደጋግሜ ነው የነገርኳቸው። ጫልቱ ገመዷን አጠበቀችና «ምናልባት እኮ እራት አይሆንም፣ እትዬ» አለችኝ፤ አልተቆጣችም። ወረዱ።

ሰኞ ዶክተር ይልማ ቢሮ ገብቼ የሴቶቹን ነገር ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ጭንቅላቱን ያዘ።

«እናቴ ሐኪም ቤት ስትሄድ የደም ግፊት መድኃኒቷን ጠዋት አስባ ትውጣለች» አለኝ። «በሌላው ቀን ትረሳዋለች። ለምን ስላት ሐኪሙ ፊት ደህና ሆኜ ልታይ ብዬ ነው ትላለች።»

ያን ቀን ደንቡን አልሻረውም፤ አንድ ነገር ጨመረበት። ናሙናውን ባለቤቱ መርጦ አያመጣም፤ እኛ ሄደን ከክምሩ እናነሳለን። መኪና አልነበረንም፤ በታክሲ እስከሚደርስበት ሄደን ቀሪውን ወጣነው። ዶክተር ይልማ በየባሕር ዛፉ ሥር እየቆመ ሲተነፍስ፣ የሱን ሙቀት ማን በለካው አልኩኝ በሆዴ።

ከሰሉ በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተከምሯል። እውነትም ያስቀይማል። እኔና ዶክተር ይልማ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ ከጥግ ጥጉ እያነሳን ከረጢት ውስጥ መክተት ጀመርን። ጫልቱ አልቻለችም። የተሰነጠቀውን ባነሳን ቁጥር ፊቷ ይጨማደዳል። ዞር ስንል ፈረካካሹን ከከረጢቱ አውጥታ ደህናውን ስትከት ያዝናት። ዶክተር ይልማ በትሕትና «እማማ ዲንቄ፣ እባክዎ ይያዙልን» አላቸው። እማማ ዲንቄ የጫልቱን እጅ ያዙ፤ ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች፣ ግን ከረጢቱን ከማየት አላረፈችም።

ማዕድ ቤቱ በዚያ ሰሞን አዲስ አቅራቢ ይፈልግ ነበር። የያዘው ሰው ከሰል እየጨሰ አስቸግሮታል። ዶክተር ይልማ ደውሎ ጠየቃቸው። ቁጥሩ ካለፈ እንፈርማለን፣ ግን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልደረሰልን ሌላ ሰው አለ አሉት። እንግዲህ ሁሉም ነገር ተመልሶ ድስቱ ላይ መጣ።

እኔ ግን ፈራሁ። እንዲያልፍላቸው ፈልጌ ነበር። በጣም ፈልጌ ነበር። የሚፈልግ ዓይን ቴርሞሜትር ሲያነብ ወደሚፈልገው ያዘነብላል፤ የፀጉር ያህል ነው፣ ግን ያዘነብላል። ዶክተር ይልማን የሴቶቹ ናሙና ከተፈጨ በኋላ ከሌሎች ደንበኞች ናሙና ጋር ቀላቅለው ኮድ ይስጡት፣ የቱ እንደሆነ አይንገሩኝ አልኩት። ከተፈጨ ሁሉም ጥቁር ዱቄት ነው፤ ማንም አይለየውም። ትክ ብሎ አየኝና እሺ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት እንክብሌን አቃጠልኩ፤ ልክ መጣ። ከዚያ ጠርሙሶቹን በተራ ያዝኩ። መዘንኩ፣ ጨመቅሁ፣ ሽቦውን ናሙናው ላይ ብቻ እንጂ ጽዋውን እንዳይነካ አድርጌ አሰርኩ፣ ኦክስጅኑን ሞላሁ፣ ድስቱን ውሃው ውስጥ አወረድኩ። ማማሰያው እየዞረ ውሃው እስኪረጋ ጠበቅሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። ሜርኩሪው ትንሽ ያመነታል፣ ከዚያ ሽቅብ ይሮጣል፣ ደግሞ ይዝላል። በእርሳሴ ላጲስ ጠቅ ጠቅ አድርጌ አነበብኩ። አንዱ አለፈ። ሌላው አለፈ። ሦስተኛው ወደቀ፤ ልቤም አብሮት ወደቀ፣ የማን እንደሆነ ሳላውቅ።

ድስቱን ስከፍት ግን ክዳኑ ላይ ጥቀርሻ ተለጥፏል። በደንብ አልነደደም። ቁጥሩን ሰረዝኩት። ብረቱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ናሙናውን አሳንሼ ደገምኩት። ሁለተኛው ንጹሕ ወጣ። ለማረጋገጥ ሠለስኩት። ከዚያ የቀሩትን ጨርሼ ቁጥሮቹን ለዶክተር ይልማ ወሰድኩለት። ኮዱን ሲያመሳክር ቆሜ ጠበቅሁ። ጣቱን ያን ጥቀርሻ ያሳየኝ ናሙና ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ነው» አለ። «አልፏል።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እሱ ወዲያው ማዕድ ቤቱ ጋ ደወለ፤ ሰኞ መጥተው ይፈርሙ አሉት። ወረቀቱን አተመ፣ ማኅተም መታበት። የጫልቱ ስልክ አይሠራም። ነገ እንልክላቸዋለን አለኝ። እኔ ግን ጋዎኔን አውልቄ ወጣሁ።

ቤቷ ስደርስ ጎረቤቷ ሁሉም ጋራ ወጥተዋል አለችኝ። ዳገቱን ተያያዝኩት። መንገዱ መሃል ላይ አገኘኋቸው፤ ተከታትለው እየወረዱ ነው። ፊት ጫልቱ፣ መጨረሻ ላይ እማማ ዲንቄ። ወረቀቱን ዘረጋሁላት። ልትቀበለኝ አልቻለችም፤ ሁለት እጇ ደረቷ ላይ የተጠላለፈውን ገመድ ይዟል። ብትለቀው ሸክሙ ወደ ኋላ ይጥላታል።

«አንብቢልኝ» አለችኝ። እርስዎ ማለቱን ያን ቀን ተወችው።

አነበብኩላት። ቁጥሩን ስሰማ እኔም እንደ አዲስ ሆነብኝ።

«ያ አስቀያሚው ነው? የኛው?»

«ያው ነው። ማዕድ ቤቱም እሺ ብሏል። ሰኞ ሄዳችሁ ትፈርማላችሁ።»

ከነሸክሟ በግማሽ ዞራ ከኋላዋ ላሉት በኦሮምኛ ነገረቻቸው፣ እነሱም ለቀጣዩዋ እያሉ ወሬው ሰልፉን ይዞ ወጣ። የኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ያንን ግን ገባኝ። እልል ያለ የለም። ደረታቸው ታስሮ እየተነፈሱ ነው የቆሙት። መጨረሻ ላይ እማማ ዲንቄ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ነገስ አሉ።

ጫልቱ ወደሳቸው ቀና አለች። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ መለሰች። ነገ አንወጣም አለች። ከነገ ወዲያም አንወጣም።

እማማ ዲንቄ እንደቆሙ ማልቀስ ጀመሩ። ድምፅ አላሰሙም፤ እንባው ብቻ በላቡ ላይ ይወርዳል። ሊጠርጉት ፈልገው ነበር፣ ግን እጃቸው እንደ ሌሎቹ ገመዱን ይዟል። ወደሳቸው ወጣሁና በሻርፔ ጫፍ ፊታቸውን ጠረግሁላቸው።